ከተሽከርካሪ ውጭ ለሚያገለግሉ አነስተኛ መሣሪያዎች ኃይል ስለ ማቅረብ፤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የመስክ ካምፖች መነሻነት



የኤሌክትሪክ ኃይል ነገር ሲነሣ በመሐንዲስ ልቡና ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው ግድቡ፣ ተርባይኑና የከፍተኛ ቮልቴጅ መሥመሩ ነው። ይህም ተገቢ ነው። በጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ ሥራ ከጀመረበት ከ1964 እ.ኤ.አ. አንሥቶ፣ 460 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የጣና በለስ ማመንጫ እስከ ተመረቀበት እስከ 2010፣ ከዚያም 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ እስከ ተመረቀበት እስከ መስከረም 2025 ድረስ የተጓዘው መንገድ የሙያው ኩራት ነው። ለዚህም ሥራ የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ድርሻ አለው። ከጉና ተራራ የሚወርደው ውሃ በአንድ ወገን በርብና በጉማራ አድርጎ ወደ ጣና፣ በሌላው ወገን ደግሞ በበሽሎ አድርጎ ወደ ዓባይ ይገባል፤ በመጨረሻም ሁሉም ከአንድ ወንዝ ላይ ይገናኛል።

ይሁን እንጂ መሥመር ባልደረሰበት በስማዳ አፋፍ ላይ ድንኳን ተክሎ፣ በሽሎን ቁልቁል እያየ የሚያድር የጥናት ቡድን፣ ከዚያ ሁሉ ሜጋ ዋት አንዲት ዋት እንኳ አይደርሰውም። መብራቱን፣ የመለኪያ መሣሪያውን፣ ሬዲዮውንና ስልኩን የሚያሠራበትን ኃይል ይዞት ከመጣው ተሽከርካሪ ማውጣት ይኖርበታል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ ትንሽ የሚመስለው ጉዳይ እንደ ማናቸውም የምሕንድስና ሥራ ተሰልቶ መሠራት የሚገባው መሆኑን ማሳየት ነው።

የአገሩ ጠባይ

በአውሮፓ በመኝታ ተሽከርካሪ የሚጓዝ ሰው ለማረፊያ በተዘጋጀ ሥፍራ ሲቆም ከአጠገቡ የኃይል ምሰሶ ያገኛል። ሰማያዊውን የ16 አምፔር ሶኬት ሰክቶ፣ ከተሽከርካሪው ውጭ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ መብራቱንና ማቀዝቀዣውን ያሠራል። የገመዱን ውፍረት፣ የፊውዙን ልክና የመሬት ማስያዣውን ሌላ ሰው አስቀድሞ አስቦለታል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚሰፍር ባለሙያ ግን ምሰሶውም፣ ፊውዙም፣ መሬት ማስያዣውም እርሱ ራሱ ነው።

የአገሩም አቀማመጥ ሥራውን ያከብደዋል። ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» በሚለው በወረታና በወልድያ መካከል በተዘረጋው አውራ ጎዳና ላይ ደብረ ታቦርን አልፎ የሚጓዝ ሰው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከምትገኘው ከነፋስ መውጫ ይደርሳል። የከተማዪቱ ስም እንደሚያመለክተው ነፋሱ በዚያ ከልካይ የለውም፤ ሌሊቱም ብርዳም ነው። ከዚያ ወደ ታች ጋይንት ወደ አርብ ገበያ፣ ወይም ወደ ስማዳ ወደ ወገዳ የሚወርድ ተሽከርካሪ በአንድ ቀን ጉዞ ከደጋ ወደ ወይና ደጋ፣ ከወይና ደጋም ወደ ቆላ ይሻገራል። በእስቴም ከመካነ ኢየሱስ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዛሬ በውርጭ የሚሠራ ባትሪ ነገ በሐሩር ይሠራል፤ ዛሬ አየር የሚያጥረው ሞተር ነገ እንደ ልቡ ይተነፍሳል። አንድ ዐይነት ስሌት ለሁለቱም አይበቃም።

መጥኖ መደቆስ

የባልትና ዐዋቂዎች «መጥኖ መደቆስ» የሚሉት ምክር ለኤሌክትሪክም ይሠራል። በቅድሚያ ፍላጎቱ ይመጠናል። ስድስት አባላት ያሉት አንድ የመንገድ ጥናት ቡድን በስማዳ ሰፈረ እንበል። ቡድኑ እያንዳንዳቸው 5 ዋት የሚወስዱ ሦስት የኤል ኢ ዲ መብራቶችን ለ5 ሰዓት ቢያበራ 75 ዋት ሰዓት ይፈጃል። 50 ዋት የሚወስድ አንድ ላፕቶፕ ለ3 ሰዓት ሲሠራ 150 ዋት ሰዓት ይሆናል። የቅየሳ መሣሪያውንና የመገናኛ ሬዲዮውን ባትሪ ለመሙላት 20 ዋት ለ4 ሰዓት፣ ማለትም 80 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ለስድስት ስልኮች ለእያንዳንዳቸው 15 ዋት ሰዓት ቢያዝ 90 ይሆናል። ድምሩ 395 ዋት ሰዓት ነው።

ይህ ኃይል ከ12 ቮልት ባትሪ በኢንቨርተር በኩል ወደ 220 ቮልት ተለውጦ የሚወጣ ከሆነ ከመቶው 15 ያህሉ በመንገድ ይቀራል። ስለዚህ ከባትሪው የሚወጣው 465 ዋት ሰዓት ያህል፣ በአምፔር ሰዓት ሲሰላም 39 ገደማ ነው። ተራ የእርሳስ ባትሪ ደግሞ በየሌሊቱ ከግማሽ በታች ቢወርድ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለሆነም የሚያስፈልገው የባትሪ መጠን ዕጥፍ፣ ይኸውም 78 አምፔር ሰዓት ይሆናል። በደጋው ብርድ ባትሪው ከአቅሙ 15 በመቶ ያህል ያጣል ተብሎ ሲታሰብ ቁጥሩ ወደ 91 ከፍ ይላል። እንግዲህ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ራሱን የቻለ ባትሪ ለዚህ ቡድን ይበቃዋል ማለት ነው።

«ራሱን የቻለ» የሚለው ቃል የዚህ ሁሉ ነገር ቁልፍ ነው። በብዙ ካምፖች እንደሚደረገው ይህ ሁሉ ጭነት በተሽከርካሪው የማስነሻ ባትሪ ላይ ቢደረግ ምን ይሆናል? የማስነሻ ባትሪው 70 አምፔር ሰዓት ቢሆን፣ 39ኙ በሌሊት ሲወጣ የሚቀረው 31 ብቻ ነው፤ ይህም ብርዱ የሚቀንሰው ሳይታሰብ ነው። ንጋት ላይ ዘይቱ ረግቶ፣ የናፍጣው ሞተር ብርቱ ጉልበት በሚጠይቅበት ሰዓት፣ ያ ባትሪ ሞተሩን ላያዞር ይችላል። በከተማ ቢሆን ገመድ አበድሮ የሚያስነሣ ጎረቤት ይገኛል። ከአስፋልት ርቆ በሚገኝ አፋፍ ላይ ግን ቁሞ የሚያድረው ያ መኪና የጥናት ቡድኑ ንብረት ብቻ አይደለም። በምጥ የተያዘች እናት፣ ከገደል የወደቀ እረኛ ወይም በእባብ የተነደፈ ገበሬ በሌሊት ቢገኝ፣ የአካባቢው ሰው ሮጦ የሚመጣው ወደዚያ መኪና ነው። ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ዝም ቢል፣ የስሌት ጉድለት የሰው ሕይወት ጉድለት ይሆናል። ስለዚህ የማስነሻ ባትሪ ለካምፕ መብራት ፈጽሞ ሊነካ አይገባም። ሁለተኛው ባትሪ ሞተሩ ሲሠራ ከዲናሞው እንዲሞላ፣ ሞተሩ ሲቆም ግን ከማስነሻው ባትሪ እንዲለይ የሚያደርግ ሪሌ ማስገባት ቀላልና ዋጋው የማይከብድ ሥራ ነው።

ከልክ በላይ የሆነ ጭነት

የኢንቨርተር ሶኬት የቤት ሶኬት ስለሚመስል ብዙ ሰው የቤት ዕቃ ሊሰካበት ይሞክራል። 1,500 ዋት የሚወስድ የውሃ ማፍያ ለ6 ደቂቃ ብቻ ቢሠራ የሚፈጀው ኃይል 150 ዋት ሰዓት ስለሆነ ብዙ አይመስልም። ነገር ግን በእነዚያ 6 ደቂቃዎች ከ12 ቮልቱ ባትሪ የሚሳበው 147 አምፔር ያህል ነው። ይህን የሚሸከም ገመድ የአውራ ጣት ያህል የሚወፍር ነው፤ በቀጭን ገመድ ቢሞከር ልባሱ ይቀልጣል። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድማ 3,500 ዋት ያህል ስለሚፈልግ ከባትሪው ከ340 አምፔር በላይ ይጠይቃል፤ ይህም ከማስነሻ ሞተር ጉልበት ጋር የሚተካከል ነው። ከዚህ የሚገኘው ደንብ አጭር ነው፤ በካምፕ ውስጥ ሙቀት የሚሰጥ ነገር ሁሉ በማገዶ፣ በጋዝ ወይም በፀሐይ ይሠራ፤ ኤሌክትሪክ ለብርሃን፣ ለመለኪያና ለመገናኛ ይቆይ።

መሐንዲስ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህን ጭነት እንዴት ልሸከም?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ጭነት ባይኖርስ?» ብሎ ነው። ለዚህ ከሕክምና ታሪክ ጥሩ ምሳሌ አለ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1976 እ.ኤ.አ. ነው። ያ ዘመቻ መንገድ በሌለባቸው ተራሮችና በረሃዎች ሁሉ ሊደርስ ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ክትባቱ ደርቆ የተዘጋጀና ሙቀት የሚችል መሆኑ ነው። ማቀዝቀዣ ተሸክሞ ለመሄድ ከመታገል ይልቅ ማቀዝቀዣ የማያስፈልገው ክትባት ተሠራ። ዛሬ ብዙዎቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠበቅ ያለባቸው ቢሆንም፣ በዚያው መንፈስ የተሠሩ የፀሐይ ማቀዝቀዣዎች አሉ፤ ቀን ከፀሐይ የሚያገኙትን ኃይል በባትሪ ሳይሆን በበረዶ መልክ ያከማቻሉ። ባትሪ ስለሌላቸውም የሚያረጅ ባትሪ የለባቸውም። አጭር ለሆነ የመስክ ጉዞም የበረዶ ከረጢት የያዘ ጥሩ የክትባት ሣጥን ከማናቸውም ኢንቨርተር ይበልጥ ይታመናል።

ስለ ገመድ

ኃይሉን ከተሽከርካሪው ወደ ድንኳኑ የሚያደርሰው ገመድ ብዙ ጊዜ ከገበያ በተገኘው መጠን ይገዛል እንጂ አይሰላም። ከባትሪው 10 ሜትር በራቀ ድንኳን 120 ዋት የሚወስዱ መሣሪያዎች አሉ እንበል። በ12 ቮልት ይህ 10 አምፔር ነው። ገመዱ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው መዳብ ከሆነ፣ ሄዶ ሲመለስ 20 ሜትር ርዝመት ስላለው 0.23 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። ስለዚህ 2.3 ቮልት በገመዱ ላይ ይጠፋል፤ ድንኳኑ ውስጥ የሚደርሰው 9.7 ቮልት ብቻ ነው። መብራቱ ይደበዝዛል፤ ሬዲዮው ይጠፋል፤ ባለቤቱም ባትሪው ደከመ ብሎ ይደመድማል። ያው 120 ዋት በ220 ቮልት ቢላክ ግን የሚፈሰው 0.55 አምፔር ያህል ስለሆነ በዚያው ገመድ ላይ የሚጠፋው 0.13 ቮልት ነው፤ ይህም ከቁጥር አይገባም።

ከዚህ ሁለት ምርጫ ይወጣል። ርቀቱ አጭር ከሆነና መሣሪያዎቹ በ12 ቮልት የሚሠሩ ከሆነ፣ ወፍራም ገመድ ተጠቅሞ ኢንቨርተሩን መተው ይሻላል፤ በመለወጥ የሚባክነው 15 በመቶ ይተርፋል። ርቀቱ ረዘም ካለ ግን ኢንቨርተሩ ከባትሪው አጠገብ ተቀምጦ ኃይሉ በ220 ቮልት መላክ አለበት። ይህ ሁለተኛው መንገድ ግን ከቤት ውጭ፣ በዝናብና በጭቃ ላይ፣ ሰው ሊገድል የሚችል ቮልቴጅ መዘርጋት ማለት ስለሆነ ጥንቃቄውም በዚያው ልክ ነው።

ስለ ደኅንነት

አንደኛ፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚወጣው ገመድ ከባትሪው ራስ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ፊውዝ ይኑረው። ፊውዙ የሚጠብቀው መሣሪያውን ሳይሆን ገመዱን ነው። ፊውዝ በሌለበት ገመዱ ተላልጦ ከመኪናው አካል ጋር ቢነካካ፣ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር አውጥቶ መኪናውን ያቃጥላል።

ሁለተኛ፤ ለ220 ቮልቱ መሥመር 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈተልክ ኃይሉን የሚቆርጥ ብሬከር ይደረግ። ነገር ግን ይህ ብሬከር ስለ ተገጠመ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። በብዙ ትንንሽ ጀኔሬተሮችና ኢንቨርተሮች ውስጥ ኒውትራሉ ከመሣሪያው አካል ጋር አልተያያዘም። እንዲህ ሲሆን የሚያፈተልከው ኤሌክትሪክ ወደ ምንጩ የሚመለስበት መንገድ ስለሌለው ብሬከሩ አይቆርጥም፤ ያለ እርሱ የታመነው ጠባቂ ተኝቶ ያድራል። ስለዚህ የኒውትራሉና የአካሉ ትስስር መኖሩን የሚያውቅ ባለሙያ፣ የመሣሪያው ሠሪ የሚፈቅደውን ተመልክቶ፣ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ሊፈትሸው ይገባል። በጉና ዙሪያ እንዳለው ድንጋያማ መሬት ላይ፣ በተለይም በበጋ፣ አጭር ብረት ተክሎ መሬት አስያዝኩ ማለት ዋስትና አይሆንም።

ሦስተኛ፤ በመንኰራኩር ላይ የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ሁሉም ተፈትቶ ይዘርጋ። ተጠቅልሎ ሲሠራ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ልባሱን ያቀልጠዋል። ገመዱ ከብት በሚያልፍበትና ልጆች በሚጫወቱበት ላይ አይጋደም፤ በእንጨት ከፍ ተደርጎ ይሰቀል። ሶኬቱ ከመሬት ይነሣ፤ ዝናብ የማይገባበት ክዳን ይኑረው፤ ገመዱም ከሶኬቱ በታች ረገብ ብሎ ይንጠልጠል፤ ያን ጊዜ ውሃው በገመዱ ተከትሎ ወደ ሶኬቱ ሳይገባ ከታች ይንጠባጠባል።

ጀኔሬተርና ፀሐይ

ባትሪው ባይበቃ ብዙ ቡድኖች ወደ ትንሽ የቤንዚን ጀኔሬተር ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ከፍታው ድርሻውን ይወስዳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከአቅሙ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ በባሕር ወለል 1,000 ዋት የሚሰጥ ጀኔሬተር በነፋስ መውጫ አካባቢ 650 ዋት ያህል ብቻ ይሰጣል፤ 1,500 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቆላ ሲወርድ 825 ዋት ያህል ይሆናል። በደጋው አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ሻማው ይቆሽሻል። ካርቡራተሩ ለከፍታው ካልተስተካከለ ኪሳራው ይብሳል።

ከአቅሙ ማነስ የሚብሰው ግን ጭሱ ነው። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። በብርድና በነፋስ ምክንያት ጀኔሬተሩን ወደ ድንኳኑ ማስጠጋት፣ ወይም ከዝናብ ለመጠበቅ ከድንኳኑ አፍ ማስገባት ትልቅ አደጋ ነው። ነፋሱ ከሚነፍስበት ተቃራኒ፣ ከመኝታው ብዙ ርቆ፣ ማርሚታው ወደ ውጭ ዞሮ መቆም አለበት፤ ነፋሱ አቅጣጫውን በሚለዋውጥበት አገር ደግሞ ሰው ሳይተኛ ማጥፋት ይሻላል። በድንኳን ውስጥ የከሰል ምድጃ ይዞ መተኛትም አደጋው አንድ ነው።

በበጋ ወራት ከሁሉ የሚሻለው ፀሐይ ነው። 150 ዋት የሆነ የፀሐይ ሰሌዳ በጥሩ ቀን 5 ሰዓት ሙሉ ብርሃን ቢያገኝ፣ ከብክነቱም በኋላ 70 በመቶው ቢቀር፣ 525 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ይህም ከላይ የተሰላውን የሌሊት ፍጆታ መልሶ ይተካል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ጉምና ደመና በደጋው ላይ ስለሚተኛ በሰሌዳው ብቻ መተማመን አይቻልም፤ የጎደለውን ከዲናሞው መሙላት ያስፈልጋል።

የጎረቤት ድርሻ

በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ጭነት አለ። ቡድኑ በሰፈረ ማግሥት የመንደሩ ሰው ስልኩን ይዞ ይመጣል። ይህ ሰው ለእንግዶቹ ምንጩን ያሳየ፣ እርጎና እንጀራ ያቀረበ፣ ሌሊት ካምፑን የጠበቀ ነው። ስልኩም የጌጥ ዕቃ አይደለም፤ በነፋስ መውጫ ወይም በመካነ ኢየሱስ ገበያ የእህል ዋጋ የሚጠይቅበት፣ ከተማ ከሄደው ልጁ ጋር የሚነጋገርበት፣ ሕመምተኛ ሲኖር አምቡላንስ የሚጠራበት ነው። «ባትሪያችን አይበቃም» ብሎ መመለስ ነውር ነው፤ ሳያስቡ ሁሉን መቀበል ደግሞ ባትሪውን ይጨርሳል።

መፍትሔው እንደ ሌላው ሁሉ በስሌት ይገኛል። አሥር የጎረቤት ስልኮች 150 ዋት ሰዓት ቢፈልጉ የቀኑ ድምር 545 ይሆናል። ይህ ሁሉ በሌሊት በኢንቨርተር ቢወጣ 126 አምፔር ሰዓት ያህል ባትሪ ስለሚያስፈልግ የተያዘው 100 አይበቃም። ነገር ግን ስልኮቹ በቀን፣ ባትሪው ከሞላ በኋላ ወይም ፀሐዩ በበረታበት ሰዓት፣ ከ12 ቮልቱ በቀጥታ ቢሞሉ የሌሊቱ ድርሻ አይነካም። ለዚህ ሲባል ሰሌዳውን ከ150 ወደ 200 ዋት ከፍ ማድረግ ይበቃል። ትርፉ 50 ዋት የእንግድነት ዋጋ ነው፤ በጀት ሲጻፍም በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

መደምደሚያ

ከዚህ ንግግር ለማኅበሩ የሚቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛው፣ ለመስክ የሚወጣ ማናቸውም ቡድን የጭነቱን ዝርዝር፣ የባትሪውን መጠንና የገመዱን ውፍረት የሚያሳይ አንድ ገጽ ስሌት ከጉዞው በፊት እንዲያዘጋጅ በሙያ ደንብ ደረጃ ይታሰብበት። ሁለተኛው፣ ይህ ዕውቀት ለመሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን ለሾፌሩና ለካምፕ ኃላፊው በአማርኛ ተጽፎ ይሰጥ፤ በሌሊት ፊውዝ የሚቀይረውና ጀኔሬተር የሚያስነሣው ብዙ ጊዜ እርሱ ነውና። ሦስተኛው፣ የማስነሻ ባትሪ ለካምፕ ጭነት እንዳይነካ የሚል ደንብ በየመሥሪያ ቤቱ የተሽከርካሪ አጠቃቀም መመሪያ ውስጥ ይግባ።

ትልቁን ግድብ የሚሠራው ሙያ ትንሹን ባትሪም ያው ሙያ ነው የሚያስተዳድረው። ሜጋ ዋቱ የሚመዘንበት ሕግ ዋቱም የሚመዘንበት ሕግ ነው፤ ልዩነቱ በትልቁ ሥራ ላይ ብዙ ዐይን ሲያርፍ በትንሹ ላይ የሚያርፈው የአንድ ሰው ዐይን ብቻ መሆኑ ነው። ያ አንድ ሰው ሥራውን በሚገባ ከሠራ፣ በስማዳ አፋፍ ላይ መብራቱ በምሽት ይበራል፤ ንጋት ላይም መኪናው በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሣል።